ስለ ደገዛና ስለ ፌንጣ

ከጋሸና መገንጠያ ወደ ላሊበላ የሚወርድ መንገደኛ የገብሱን ደጋ አልፎ ወደ ጤፉ አገር ሲቃረብ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መድረቅ በጀመረበት ወራት፣ ከእግሩ ሥር የሚዘሉ ነፍሳት ያያል። ሁሉንም ፌንጣ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን በወሎ ማሳ ከሚገኙት ሁለቱን፣ ማለት ደገዛንና አዮሎፐስ ሎንጊኮርኒስ የተባለውን ፌንጣ፣ ለይቶ ማወቅ ለገበሬው ከስም ጉዳይ ያለፈ ነው።

ደገዛ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ዲ. አር. ራግ ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ ብሎ ሰይሞታል። ብሬቪፔኒስ በላቲን «ክንፈ አጭር» ማለት ነው፤ በእርግጥም ክንፉ ለመብረር አይበቃም። ወንዱ ግን ክንፍን ከክንፍ እያፋተገ ድምፅ ያሰማበታል። ጆሮውም በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ የፌንጣ ጆሮ ከሆዱ ጎን ይገኛል። የደገዛ ቀንድ ቀጭንና ረጅም፣ የፌንጣው አጭር ነው። ሎንጊኮርኒስ «ረጅም ቀንድ» ማለት መሆኑ ተማሪን ያሳስታል፤ ረጅም የተባለው ከቅርብ ዘመዶቹ ጋራ ሲመዛዘን እንጂ ከደገዛ ጋራ አይደለም።

የደገዛ እንስት ከኋላዋ ጎራዴ የመሰለ ዕንቁላል መጣያ አላት። መውጊያ ቢመስልም መርዝ የለውም፤ ዕንቁላሏን በአፈር ውስጥ የምታኖርበት ነው። ዕንቁላሉ በጋውን ከመሬት በታች አሳልፎ በክረምት ዝናም ይፈለፈላል፤ በዓመትም የሚገኘው አንድ ትውልድ ብቻ ነው። የፌንጣ እንስት በአንጻሩ ሆዷን ወደ አፈር አስረዝማ ብዙ ዕንቁላል በአንድነት ትጥልና በአረፋ ትሸፍነዋለች፤ አረፋውም ሲደርቅ እንደ ከረጢት ይሆናል።

ፌንጣው በይበልጥ ቅጠል ይበላል። ደገዛ ግን ጤፉ ወተት በያዘ ጊዜ ዘለላው ላይ ወጥቶ ፍሬውን ይበላል። ቅጠሉ በጊዜ የተበላ ጤፍ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ወተቱ የተበላ ፍሬ ግን ምትክ የለውም። ከሩቅ ለሚያየው ማሳው አረንጓዴና ሙሉ ስለሚመስል ጉዳቱ የሚታወቀው በአውድማ ነው።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ቁም ነገር ክንፉ ላይ ነው። ፌንጣው ከሌላ ሰው ማሳ በርሮ ሊመጣ ስለሚችል ወሰን አያግደውም። ደገዛ ግን በእግሩ የሚሄድ ነውና፣ በመስከረም ጤፉ ላይ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ እዚያው አካባቢ፣ ገና ኩብኩባ ሳለ፣ ይዘል የነበረው ነው። ስለዚህ ጤፉ ዘለላ ከማውጣቱ አስቀድሞ በማሳው ዳርና በድንበሩ ሣር ውስጥ መፈለግ ይገባል።