ሆካይዶ፦ ለአንድ ድስት የሚበቃው ዱባ

ትንሽ ቤተሰብ ትልቅ ዱባ ሲገዛ የሚቸግረው የሚተርፈው ነው። አገር ቤት የጓሮ ዱባ ሲቆረጥ ለወጥ የሚሆነው ይነሣለታል፤ ሌላው ለጎረቤት ይላካል፤ ድንገት ብቅ ያለ ዘመድም ባዶ እጁን አይመለስም። ፍራንክፈርት ወይም ስቱትጋርት ውስጥ ወዳለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስምንት ኪሎ ዱባ ይዞ መግባት ግን ዕዳ ነው። አንዱ ቁራጭ ይሠራል፣ ቀሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ ውሃ እያቀረረ ሰንብቶ ይጣላል። ጀርመኖች ሆካይዶ የሚሉት ዱባ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየመደብሩ በር ላይ የሚቆለለው ስለሚጣፍጥ ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ዱባ አንድ ድስት ሞልቶ ያልቃል።

ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ነው። ታቹ ድቡልቡል፣ አናቱ ከሐረጉ ወደሚያያይዘው እጀታ የሾለ፣ ቀለሙ ከብርቱካን ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ሥጋው ደረቅና ጥብቅ በመሆኑ ሲበስል ከዱባ ይልቅ ስኳር ድንች ይመስላል። ልጣጩ ቀጭን ስለሆነ ከሥጋው ጋር አብሮ ይለሰልሳል፤ አይላጥም። የትልቅ ዱባ ልጣጭ በቢላ ሲታገል የኖረ ሰው ለዚህ ብቻ ሲል ሊዘራው ይችላል።

“ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል” የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ ሰው ቢሆንም የዕፀዋት ሊቃውንትም አይከራከሩትም። ቅል ነጭ አበባውን ሲመሽ የሚከፍት የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ዱባ ደግሞ ቢጫ አበባውን ጎሕ ሲቀድ የሚከፍት፣ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳውም ራሱ አንድ ወገን አይደለም። ለምግብ በብዛት የሚዘሩት ዝርያዎች ሦስት ናቸው፦ ዙኩኒ ያለበት ኩኩርቢታ ፔፖ፣ ሙቀት የሚወደው ኩኩርቢታ ሞስካታ፣ እና ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ኩኩርቢታ ማክሲማ። ሆካይዶ ማክሲማ ነው። የሚገርመው፣ በየዓመቱ ለክብደት ውድድር በጭነት መኪና የሚመጡት፣ ክብረ ወሰናቸው ከ1,200 ኪሎ ያለፈው ግዙፍ ዱባዎችም የዚሁ ዝርያ ልጆች ናቸው። ይህ ዝምድና ዘር ሲያዝ ጣጣ ያመጣል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከደቡብ አሜሪካ እስከ ጀርመን ጓሮ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በማሳቹሴትስ፣ ማርብልሄድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ጄምስ ግሪጎሪ የተባለ ዘር ነጋዴ ሀባርድ የተባለውን ትልቅ የማክሲማ ዱባ ለገበያ አቀረበ። ስሙን ያወጣለት ዱባውን ለቤተሰቡ ባስተዋወቀችው በኤልዛቤት ሀባርድ ነው። የጃፓን መንግሥት በ1869 ሰሜናዊቱን ደሴት ሆካይዶን ለማልማት መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ከአሜሪካ የግብርና ባለሙያዎችን አስመጣ፤ የአሜሪካ ዘርም አብሮ ገባ። ይሁን እንጂ ዛሬ በዘር ፖስታዎች ላይ ኡቺኪ ኩሪ ተብሎ የሚታወቀው ዘር የወጣው ከዚያች ደሴት አይደለም፤ ከዋናው ደሴት፣ ካናዛዋ ከተማ፣ ኡቺኪ ከሚባል ሰፈር ነው። በ1933 የሰፈሩ አንድ ገበሬ ከፉኩሺማ ልጣጨ ቀይ ዱባ አምጥቶ ቀለሙ ያማረውንና አብዝቶ የሚያፈራውን ዓመት ከዓመት እየመረጠ አራባው። ካናዛዋ እስከ ዛሬ የካጋ አትክልት ብላ ከምትኮራባቸው 15 የአካባቢው አትክልቶች አንዱ ነው። አውሮፓ ሲደርስ የሆካይዶን ስም ይዞ ቀረ።

ሰዎች ጣፋጭ ዱባ የሚገኘው ጥሩ ዘር በመግዛት ብቻ ይመስላቸዋል። ዘሩ ግማሹ ነገር ነው። የዱባ ጣዕም ቅጠል ላይ ይጀምራል። ቅጠሉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ወደ ፍሬው ይልካል፤ ፍሬው ስታርች አድርጎ ያከማቸዋል፤ ስታርቹ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ስኳር ይሆናል። የሆካይዶ ደረቅነት የስታርች ብዛት ነው። እንግዲህ የአትክልተኛው ሥራ ለእያንዳንዱ ፍሬ የሚበቃ ጤነኛ ቅጠል ማቆየትና ጊዜ መስጠት ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ዘሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ለየብቻው በየማሰሮው ይዘራል፤ ሥሩ ሲነካካ ስለማይወድ በአንድ ሣጥን አፍልቶ ኋላ መለያየት አይበጅም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ሳምንት አካባቢ ይበቅላል። አገር ቤት የዘር ጊዜን የሚወስነው ዝናብ ነው፤ እዚህ ውርጭ ነው። ጀርመኖች ከሜይ 11 እስከ 15፣ ማለትም ከግንቦት 3 እስከ 7 ያሉትን ቀናት “የበረዶ ቅዱሳን” ይሏቸዋል፤ የመጨረሻዋ ቅድስት ሶፍያ ናት። ቀኗ ሳያልፍ ለስላሳ ችግኝ ወደ ውጭ አያወጡም። እኛም የቅዱሳንን ቀን ቆጥረን የምንዘራ ሕዝብ ስለሆንን ምክሩ ጆሯችን ላይ አይከብድም። ችግኙ በኤፕሪል አጋማሽ ወይም ማብቂያ ቤት ውስጥ ይጀመራል፤ ሶፍያ ስታልፍ ይተከላል።

መሬት የሌለው ሰው የኪራይ ጓሮ ማኅበራት አሉለት። ከ1983 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን ሕግ አንዱን ጓሮ በጥቅሉ ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤትም በ2004 ከመሬቱ ሲሶ ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ የሚለማበት መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። ሣር ብቻ ዘርቶ ወንበር የዘረጋ ተከራይ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሁለት የሆካይዶ ሐረግ መሬት ላይ ከተለቀቀ ከሲሶው ላይ ደህና አድርጎ ይሸፍናል። ቦታ ጠባብ ከሆነ ጠንካራ አጥር ላይ ማውጣትም ይቻላል፤ ኪሎ ተኩል ፍሬ ሐረጉን አይገነጥልም።

በተክሎች መካከል ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ይተዋል። ዱባ ሆዳም ነው። አገር ቤት ከፍግ ክምሩ አጠገብ ራሱ በቅሎ አጥሩን የሚወርሰው ለዚህ ነው፤ እዚህም በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨመርለታል። የመጀመሪያው ጠላት ቀንድ አውጣ ነው፤ በተለይ ቅርፊት የሌለው ቡናማው። በአንዲት እርጥብ ሌሊት አራት ችግኝ ግንዱ ድረስ ይግጣል። ችግኙ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ሲመሽ እየዞሩ መልቀም ከመርዙ ይሻላል።

ከዚያ አበባው ይመጣል፤ ድንጋጤውም አብሮ ይመጣል። መጀመሪያ የሚፈኩት ወንዴ አበቦች ናቸው፤ በቀጭን ዘንግ ላይ ቆመው፣ አንድ ቀን ታይተው ይረግፋሉ። አዲስ አትክልተኛ ዱባዬ አላፈራ አለ ብሎ ያለቅሳል። ሴቴዎቹ ጥቂት ቆይተው ይደርሳሉ፤ ከአበባው ሥር ገና ያልተዳቀለች ትንሽ ዱባ ስላለች አይሳቱም። አበባው ከንጋት እስከ ረፋድ ብቻ ስለሚከፈት በዚያች ሰዓት ንብ ካልመጣ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ዝናብ በበዛበት ሳምንት ወንዴውን ቆርጦ፣ ቅጠሉን ገሽልጦ፣ ብናኙን በሴቴዋ እምብርት ላይ መቀባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ልብ ይጠይቃል። ሐረጉ አምስት ስድስት ፍሬ ቢይዝም ሰሜኑ በጋው አጭር ነው፤ ሦስት ወይም አራቱን አስቀርቶ ሌላውን ገና እንቁላል ሲያህል መቀንጠስ ይሻላል። በኦገስት አጋማሽ የሐረጉ ጫፍም ይቀነጠሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዝ ፍሬ ለመብሰል አይደርስምና። ብዙዎች ይህን አይደፍሩም። ውጤቱም ቁጥሩ የበዛ፣ ውሃ ውሃ የሚል ዱባ ነው።

በጋው ሲያልቅ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ፈንገስ ይታያል። ይህ በሽታ ሐረጉን ወዲያው አይገድለውም፤ ቅጠሉን ቀድሞ ያስረጀዋል እንጂ። ቅጠሉ ካረጀ ስታርቹ ይቀንሳል። ተራርቆ መትከል፣ ጠዋት ማጠጣት፣ ውሃውንም ሥሩ ላይ ማፍሰስ ነገሩን ያዘገየዋል። መሬት ላይ የተኛው ፍሬ ሥሩ እንዳይበሰብስ ጭድ ወይም ጣውላ ይነጠፍለታል።

ቀለሙ ያታልላል። ሆካይዶ ከመብሰሉ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በቀለሙ የቆረጠ ሰው ጥሬ ቆረጠ። ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት ዱባ ሲያዳቅሉና ሲያጠኑ የኖሩት ብሬንት ሎይ እንዳሳዩት፣ ፍሬው ከተያዘ በ30 ቀን ገደማ ስታርቹ ወደ ጣሪያው ይደርሳል፤ በውስጡ ያለው ዘር ግን መሙላቱን እስከ 55 ቀን አካባቢ አያቆምም። ቀድሞ ከተቆረጠ ዘሩ ምግቡን ከሥጋው እየመጠጠ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሥጋው ይሳሳል። ስለዚህ እጀታው ደርቆ እንደ ቡሽ እስኪሰነጣጠቅ፣ ልጣጩም ጥፍር አላስገባ እስኪል ይጠበቃል። ውርጭ ግን አይጠበቅም። ሲቆረጥ እጀታው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይቀርለታል፤ እጀታውን ይዞ የሚሸከም ሰው ከገነጠለው ያ ቀዳዳ የመበስበስ በር ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ሞቅ ያለ፣ አየር የሚገባው ቦታ ላይ ዐሥር ቀን ያህል ይሰነብታል። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክፍል ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሆነ ይጎዳዋል። በነዚህ ሳምንታት ነው ስታርቹ ስኳር የሚሆነው። በተቆረጠበት ቀን የተቀቀለ ሆካይዶ ደረቅና ደብዛዛ ነው፤ ወር ሲሆነው ሌላ ነገር ይሆናል። በሴፕቴምበር የተሰበሰበ ዱባ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ጣዕሙ ላይ ነው። የጀርመን የቀን መቁጠሪያና የእኛ ጾም እንዲህ የሚገጥሙበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ለወጡ እንደ ልማዱ ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፤ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ይግባ። ዱባው ታጥቦ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ ከነልጣጩ ይከተፋል። የለመድነው ዱባ ከራሱ ውሃ ያወጣል፤ ይህኛው ውሃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ሙቅ ውሃ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ማማሰል ካበዙበት ገንፎ ይሆናል። ስኳር የሚጨምሩ ባለሙያዎች አሉ፤ በዚህ ላይ ግን እጃቸውን ቢሰበስቡ ደስ ይለኛል። ለልጆች ለሁለት ሰንጥቆ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በ200 ዲግሪ ምድጃ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው።

ዘር ማስቀረት ለሚፈልግ አሁን የተውነው ዝምድና ይመጣል። ዱባ በንብ ይዳቀላል፤ ጎረቤት ግዙፍ የማክሲማ ዱባ ካለው የዘንድሮ ፍሬ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው የከርሞው ግን ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ከመደብር የተገዛ ዱባም ድቅል ሊሆን ስለሚችል ዘሩ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ኡቺኪ ኩሪ ግን ድቅል ስላልሆነ ዘሩ ይያዛል። መንገዱ ይህ ነው፦ ነገ የሚከፈቱ አንድ ወንዴና አንድ ሴቴ አበባ ዋዜማውን ጫፋቸው በክር ይታሰራል። ጠዋት በእጅ ይዳቀላሉ፤ ሴቴዋ መልሳ ትታሰራለች፤ ፍሬዋም ምልክት ይደረግባታል።

ጥንቃቄው ዋዛ አይደለም። የዱባ ወገን በዱር ሳለ ራሱን የሚጠብቅበት ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ አለው፤ በሰው እጅ ተመርጦ የጠፋው ይህ ባሕርይ ባልታሰበ መዳቀል ሊመለስ ይችላል። በ2015 ሃይደንሃይም በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ አንድ አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዙኩኒ በልተው ሞተዋል። አደጋው በይበልጥ ያለው በፔፖ ወገን ነው፤ ለጌጥ የሚሸጡት ትንንሽ ዱባዎች አብዛኞቹ ከዚያ ስለሆኑ ከሆካይዶ ጋር በቀላሉ አይዳቀሉም። ቢሆንም ልማዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ከመከተፉ በፊት ጥሬውን በምላስ ጫፍ መቅመስ፣ ከመረረ መትፋት፣ ዱባውንም መጣል። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም።

ለዘር የተለየው ዱባ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ወር ያህል ሳይከፈት ይቀመጥ፤ ዘሩ እዚያው ይጠነክራል። ከዚያ ታጥቦ፣ በሰሐን ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ በወረቀት ፖስታ ይገባል። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከቆየ ለአራት ዓመት ያህል ይበቅላል። ወደ አገር ቤት መላክ የሚፈልግ ሰው ግን ዘር ድንበር የሚሻገረው በዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።