የቅንጦት ሆቴል ከላይና ከታች፦ ሂልተን አዲስ አበባ

በመርሳና በወልድያ መካከል በአውራ ጎዳናው ዳር ከምትገኘው ሲሪንቃ ተነሥቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ በየከተማው የሚያገኘው ማረፊያ በአብዛኛው ክፍሎቹ በተርታ የተሠሩ፣ ሒሳቡም አስቀድሞ የሚከፈልበት አልጋ ቤት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ አሠራር ያለው ባለ ፎቅ ሆቴል ይጠብቀዋል።

የዚህ ዓይነቱ ሆቴል ቀዳሚ ምሳሌ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 በከተማዋ ከተመሠረተ በኋላ የውጭ እንግዶች ቁጥር ጨምሮ ስለነበር፣ ሆቴሉ በወቅቱ የመንግሥት ክብር ጉዳይም ነበር ማለት ይቻላል። ለሰሜን ወሎ ሰው ከሕንፃው ቁመት ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን የመዋኛ ገንዳው ነው፤ በፍልውሃ አካባቢ ከመሬት በሚወጣው ፍል ውሃ የሚሞቀው ይህ ገንዳ የተሠራው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ነውና። ቤተ ጊዮርጊስ ከዓለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ እንደመሆኑ፣ ቅርጹን ወደ ሰማይ በሚወጣው ግንብ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ መሬት ቆፍሮ ማኖሩ ተገቢ ምርጫ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ሸራተን አዲስም፣ በቁመቱ ባይታወቅም፣ ባለቤቱ ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ወልድያ ያደጉ በመሆናቸው ለአካባቢው ባዕድ አይደለም።

ቅንጦቱን የሚሸከመው እንግዳው የማያየው ሥራ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሻወር የሚወስድ እንግዳ ውሃ የሚያገኘው በፓምፕ ኃይል ነው። በገመድ የሚሳበው ሊፍት ደግሞ በሌላው ጫፍ የራሱን ክብደትና የሙሉ ጭነቱን ግማሽ ያህል የሚመዝን ማመጣጠኛ ስለሚንጠለጠልበት፣ ሞተሩ የሚያነሣው ልዩነቱን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይተካል፤ እንግዳው የሚያስተውለው አምፖሉ ለአፍታ ብልጭ ድርግም ማለቱን ብቻ ነው።

እንግዳው መታወቂያውን ወይም ፓስፖርቱን ለእንግዳ መቀበያው (ሪሴፕሽን) ሲያሳይ ቁልፍ ሆኖ የሚያገለግል ካርድ ይሰጠዋል፤ በብዙ ሆቴሎች ካርዱ ከበሩ ጀርባ ካለው ማስገቢያ ካልገባ የክፍሉ መብራት አይበራም። የክፍሉ ዋጋ ሲነገር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ያልተካተቱበት ጊዜ ስላለ፣ ጠቅላላውን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።