ያውቁ ኖሯል? ኪራዩ ቆሻሻ የሆነ ካያክ

በኮፐንሃገን ወደብ ካያክ ለመቅዘፍ የግድ ገንዘብ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ግሪንካያክ ጀልባውን በነፃ ይሰጣል፤ ቀዛፊው በምላሹ ከውሃው ላይ ቆሻሻ ለቅሞ፣ መዝኖ ያስረክባል። «በእጅ የተለቀመ ፕላስቲክ ወደብ ያጸዳል ወይ?» የሚል ሰው አልተሳሳተም። ወደቡን ለአሥርት ዓመታት ለዋና እንዳይበቃ ያደረገው ተንሳፋፊ ፌስታል ሳይሆን፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሞልቶ ወደ ውሃው የሚገለበጠው የፍሳሽ መስመር ነበር። ከተማዋ ማጣሪያዎቿን አሻሽላ፣ የዝናቡን ውሃ ለጊዜው የሚይዙ ማጠራቀሚያዎች ከሠራች በኋላ ነው በ2002 በኢስላንስ ብሩገ የወደብ መዋኛ የተከፈተው። ነፃው ካያክ ከዚያ 15 ዓመት ዘግይቶ መጣ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ መቅዘፊያው። ወንዛቸውን በጽዳት ዘመቻ ብቻ ለማዳን የሚጣደፉ ከተሞች ይህን ቢያጤኑት ደግ ነው።

ይህ ሲባል ግን ለቀማው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ካያክ ጠባብ ነው፤ ቀዛፊውም የሚቀመጠው ከውሃው ወለል እምብዛም ሳይርቅ ነው። በቆሙ መርከቦች መካከልና በድልድይ ሥር እየሾለከ፣ ትልቅ ጀልባ የማይደርስበትን ጥግ በእጁ ይደርሳል። ከፍሳሹ ጋር ወደ ውሃው የሚገባው በዓይን የማይታይ ተህዋስ ግን በመረብ አይያዝም፤ ስለዚህ ዛሬም ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ መዋኛዎቹ ለጊዜው የሚዘጉበት ቀን አለ።