ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለተኛው ኤርኮንዲሽነር
በአሜሪካ ሰዎች እየተጓዙ የሚያድሩበት የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከ120 ቮልት፣ 30 አምፔር መስመር ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ብታባዙ 3,600 ዋት ታገኛላችሁ። ጣሪያው ላይ የሚገጠም አንድ ኤርኮንዲሽነር እስከ 15 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ለማይክሮዌቭ እንኳ የሚተርፍ የለም። «ትልቅ ብሬከር ብንገጥምስ?» ትሉ ይሆናል። ብሬከር ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው፤ ዋና ሥራውም ሽቦውን ከቃጠሎ መጠበቅ ነው። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ብሬከሩ ዝም ካለ የሽቦው ፕላስቲክ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ለሁለተኛው የራሱ ሽቦና ብሬከር ይዘረጋለታል። ይህም ቢሆን 30 አምፔሩን አያሳድገውም፤ ያለው ምርጫ ሁለቱን በተራ ማሠራት ወይም ወደ 50 አምፔር መስመር መሸጋገር ነው። እስቲ የቤታችሁን ምጣድ ዋት ለ220 ቮልት አካፍሉና ስንት አምፔር እንደሚስብ አስሉ።