በሳነቴ አምባ የበጋ ማለዳ

በሌላው ዓለም ክረምት ሲባል ብርድ ይታሰባል። በእኛ አገር ግን ክረምት ዝናብ ነው፤ አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ደመናው ሲገፈፍ፣ በበጋው ወራት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ዘብ ቆሞ ያደረ ወታደር ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት የቤተሰብ አምዳችን የሚወስዳችሁ ያ ብርድ ወደ ነገሠበት ወደ ባሌ ተራሮች ነው። በዚያ ያየነው ነገር በየቤታችን ደጃፍ ካለ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተነዋል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዲንሾ ስንደርስ የተቀበሉን አስጎብኚ የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከብት በጠበቁበት መስክ ዛሬ እንግዳ ይመሩበታል። ወሬ አያበዙም። «አውሬ ማየት የሚፈልግ ሰው አውሬውን አይከተል፤ ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፍበትን ተረተር ይጠብቅ» አሉን።

ምክራቸው እውነት ነበር። ጎሕ ሲቀድ ከጥዱና ከኮሶው ጥላ ሥር የደጋ አጋዘኖች እየወጡ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ። ወንዱ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ግርማው የሚያስፈራ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ጥቂት እልፍ ብሎ ከርከሮ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ይግጣል፤ የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ከቁጥቋጦው ዳር ቆሞ ጆሮውን ወደ እኛ አቀና።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከጎባ ተነሥተን ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። መንገዱ የአስታውን ጫካ አልፎ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ሜዳ ላይ ያደርሳል። በዚህ ሜዳ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሣሩ በውርጭ ነጭቷል፤ ኩሬው ስስ በረዶ ለብሷል፤ ጅብራው በየቦታው እንደ ዘብ ተገትሯል። እጃችንን በብብታችን ሸጉጠን ፀሐይን ጠበቅን።

ፀሐይ መሬቱን ሞቅ ስታደርገው ሜዳው ነፍስ ዘራ። ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ግራም የሚደርሰው ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ እያደረገ በዙሪያው ያለውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር። መሪያችን ሳይናገሩ በጣታቸው አመለከቱን። ቀይ ቀበሮ ነበር! እግረ ረጅም፣ አፈ ሹል፣ ደረተ ነጭ። ሆዱን ከመሬት አጣብቆ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ፍልፈሉ ሲያጎነብስ ይጠጋል፤ ቀና ሲል እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በመጨረሻ ተወርውሮ አፈፍ አደረገው።

ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ብዙውን ጊዜ ለብቻው ቢሆንም ኑሮው በመንጋ ነው። ማለዳና ማታ የመንጋው አባላት ተሰብስበው የክልላቸውን ወሰን በኅብረት ይቃኛሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከመንጋው የምትወልደው ዋናይቱ እንስት ስትሆን፣ ግልገሎቹን መመገቡና መጠበቁ ግን የሁሉም ሥራ ነው። መሪያችን ግልገሎቹ ያሉበትን ጉድጓድ ከሩቅ አሳዩን እንጂ አንድ እርምጃ እንድንቀርብ አልፈቀዱልንም። የተረበሸች እናት ልጆቿን በብርድ ታንከራትታለች አሉን።

በዚህ መካከል አንድ እረኛ ከብቶቹን እየነዳ ብቅ አለ፤ ከኋላው ውሻ ይከተለዋል። የመሪያችን ፊት ተለወጠ። «ልጄ፣ ውሻህ ተከትቧል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ያልገባን እኛ ምክንያቱን ጠየቅናቸው።

የነገሩን ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በፓርኩ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ። በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የሚተላለፈው ከውሾች ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡና ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ እንደሚገኙ ስናስብ፣ የአንድ ውሻ ንክሻ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እሳቸውም በየማለዳው ለእንግዳ ያሳዩት የነበረ አንድ መንጋ በዚያ ወራት ጠፍቶ፣ ባዶ ተረተር እያዩ መመለሳቸውን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ጊዜ የእኔም ውሻ አልተከተበም ነበር» አሉ። ከዚያም ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አሳዩን፤ የዛሬው ውሻቸው የክትባት ማስረጃ ነበር።

ደግነቱ ጥረቱ አልተቋረጠም። በፓርኩ ዙሪያ ውሾች ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ሸሽጎ ለቀበሮዎቹ የማብላት ሥራ ተጀምሯል። ሆኖም የመጀመሪያው አጥር የባለ ውሻው ቤት ነው።

ይህ ጉዳይ በተራራ ላሉት ብቻ የተተወ አይደለም። በሰፈራችን ልጆቻችን የሚያቅፏቸው፣ ከዘብ ጋር የሚያድሩ ውሾች አሉ። ስለዚህ ውሻችሁን በየጊዜው አስከትቡ፤ ልቅ አትስደዱት። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ሳትውሉ ሳታድሩም ወደ ሕክምና ውሰዱት። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

ከአምባው ስንወርድ እረኛው ልጅ መሪያችንን ጠብቆ የክትባቱን ቀን ጠየቃቸው። እሳቸውም ቀኑን ነገሩት፤ ውሻውን እስከዚያ ድረስ አስሮ እንዲያቆይም አደራ አሉት። በዚያ በጋ ካየነው ሁሉ ለልባችን ደስታ የሰጠን ይህ ነበር።