ለመጀመሪያ ካሜራ ገንዘቡ የት ላይ ይዋል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር አለፈ። ዱባይ ላይ 400 ዶላር የሚሸጥ ካሜራ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ በቀድሞው ተመን 22 ሺህ 800 ብር ነበር፤ በ130 ሲሰላ 52 ሺህ ብር ነው። እርግጥ ቀድሞም ቢሆን አብዛኛው ኤሌክትሮኒክስ የሚገባው ከባንኩ በእጅጉ በሚበልጥ የትይዩ ገበያ ተመን ስለነበር የሱቁ ዋጋ በዚያው ልክ አልጨመረም። ቢሆንም ፎቶ ማንሳት ተምሮ በምርቃትና በልደት ሥራ ራሱን ለመቻል የሚያስብ ወጣት አንዴ ከተሳሳተ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ገንዘብ የለውም። እንዲህ ያለውን ገዢ እያሰብኩ ነው የምጽፈው። ለቤተሰብ ማስታወሻ ብቻ ለሚፈልግማ እጁ ላይ ያለው ስልክ ይበቃዋል፤ ወጪ አያብዛ።

የዓለም ገበያ ለዚህ ወጣት ሁለት ተቃራኒ ነገር አድርጎለታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎች ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር። በ2023 ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ፤ ገበያውን የወሰደው ስልክ ነው። ኩባንያዎቹ በብዛት መሸጥ ሲያቅታቸው ከእያንዳንዱ ካሜራ የሚያገኙትን ትርፍ ወደማሳደግ ዞሩ። ውስጡ መስታወት ያለውን ዲኤስኤልአር ትተው መስታወት ወደሌለው ሚረርለስ ተሻገሩ፤ ለጀማሪ ታስቦ ይሠራ የነበረው ርካሽ ካሜራም እየቀረ ሄደ። በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 በዓይነቱ እጅግ ተወዳጅ ቢሆንም ተተኪ ሳይወጣለት ምርቱ ቆሟል። አዲስ ርካሽ ካሜራ ጠፋ ማለት ነው። በሌላ በኩል በየአገሩ ሚረርለስ የገዛ ሁሉ አሮጌ ዲኤስኤልአሩን ይሸጣል። ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ የሚመጣው፣ በየቴሌግራሙ «ስላሽ» (ጥቂት ያገለገለ) ተብሎ የሚለጠፈው ካሜራ የዚያ ውጤት ነው። ፎቶው ግን አላረጀም። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር 22 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከተራ ስልክ ሴንሰር ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ለአዳራሽ ሠርግና በሻማ ብርሃን ለሚነሳ ፎቶ ዋናው ነገር ይኸው ስፋት ነው።

እንግዲህ ገንዘቡን እንዴት ይከፋፍለው? ብዙ ጀማሪ ያለውን ሁሉ ቦዲው (ያለ ሌንስ ያለው የካሜራው አካል) ላይ ያፈስና አብሮ በመጣው 18-55 ሌንስ ይቀራል። በእኔ እምነት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የሒሳብ ባለሙያ የእርጅና ተቀናሽ የሚለው ነገር በቦዲና በሌንስ ላይ እኩል አይሠራም። ቦዲ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋው ሸተሩም የተወሰነ ዕድሜ አለው፤ ዲ3500 የተፈተነው ለ100 ሺህ ፎቶ ነው። በደንብ የተያዘ ሌንስ ግን ከአንዱ ቦዲ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ዓመታት ይሠራል፤ ሲሸጥም ከወጣበት ብዙውን ይመልሳል። ካኖን በ1987 የጀመረውን የሌንስ መግጠሚያ የሚጠቀም ሌንስ ዛሬ በማገናኛ የኩባንያው አዲስ ሚረርለስ ላይ ይገባል። በ2015 ሲወጣ 125 ዶላር ገደማ የነበረው የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ በዚህ ረገድ አቻ የለውም ብዬ አምናለሁ። ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ የሰው ፊት ሲያነሳ ከጀርባው ያለውን ያደበዝዛል፤ ደንበኛ የሚከፍለውም ለእንዲህ ያለ ፎቶ ነው። ኒኮን ለሚመርጥ አንድ የተደበቀ ወጪ አለ። የዲ3000 ተከታታይ ቦዲዎች የትኩረት ሞተር የላቸውም፤ ስለዚህ ርካሹ አሮጌ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጠምላቸውም ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ሞተር ያለውን ሌንስ መግዛት ደግሞ ያስወድዳል። ካሜራው ረክሶ ሌንሱ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለና ሁለቱን ደምሮ ማስላት ይሻላል።

ባትሪም ወጪ ነው። ዲ3500 በኩባንያዎቹ የጋራ መለኪያ በአንድ ሙሌት 1,550 ፎቶ ያነሳል፤ ለጀማሪ የሚሆኑት ትንንሽ ሚረርለሶች ግን ከ300 እስከ 400 ያህል ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ለሚዘልቅ ሠርግ፣ መብራትም ለሚጠፋበት ከተማ፣ ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ተጨማሪ ባትሪ መግዛት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ያገለገለ ዕቃ ገበያው ራሱ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ሐሳብ ለካሜራም ይሠራል። ሻጩ የዕቃውን ገመና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም ዝቅ ያለ አማካይ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው አልሸጥም ይላል፤ ገበያው ላይ የሚተርፈው እንከን ያለበት ይሆናል። ገዢውን ከዚህ የሚያወጣው መረጃ ነው፤ መረጃ ደግሞ ካሜራው ውስጥ አለ። ኒኮን ስንት ፎቶ እንዳነሳ እያንዳንዱ የፎቶ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ካርድ አስገብቶ አንድ ፎቶ ማንሳትና ፋይሉን በኮምፒውተር መፈተሽ ይበቃል። የካኖን የጀማሪ ቦዲዎች አብዛኞቹ ይህን ቁጥር ፋይሉ ላይ አያሰፍሩም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሚያነብ ሶፍትዌር ነው የሚታወቀው። በሌንስ ካኖንን ብመርጥም በግልጽነት ኒኮን ይበልጣል፤ ይህንንም ዋጋ ሲከራከሩ ማሰብ ተገቢ ነው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሳት ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት ሲያበሩ እንደ ሸረሪት ድር የተንሰራፋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ተዘግቶ የቆየ ሌንስ ላይ ይበቅላል፤ ጥገናውም ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሻጩ ካርድ አስገብቶ ፎቶ ማንሳትን ከከለከለ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።