ያገለገለ ባለቱርቦ ፒክአፕ ለቤተሰብ ሲገዛ ምን ምን ሊጣራ ይገባል?

አርሶ አደር በሬ ለመግዛት ገበያ ሲወጣ አይቸኩልም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ አስኬዶ እግሩን ይመለከታል፤ ከማን ቤት እንደወጣና ለምን እንደተሸጠም ይጠይቃል። ያው አርሶ አደር የበርካታ ዓመታት የሰሊጥ ወይም የጤፍ ሽያጭ ጥሪቱን ይዞ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ግን፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ቀለምና የደላላ ቃል በቂ መስሎ የሚታየው ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዓመታት በፊት አጎቴ አንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይተው፣ ተዋውለው፣ እየነዱ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሞተሩ ውኃና ዘይት ተቀላቀለ። ቴስታታው ወርዶ እስኪጠገን የወጣው ገንዘብ ለልጆች ትምህርትና ለዘር የተቀመጠው ነበር። ሻጩ ችግሩን ያውቁት እንደነበር ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ያየ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ግን ምልክቱን ባላጣው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ የሚገኙ ያገለገሉ መኪናዎችን በጥንቃቄ መርምሮ መግዛት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ለእርሻም ለቤተሰብም በሚፈለገው፣ ከፍተኛ ጉልበት ባለው ባለቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ ላይ ያተኩራል።

ጉልበቱና ዕዳው

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦር እንዲህ ያለው መኪና ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቶ ነው ዳገት የሚወጣው። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ስለሚገፋ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሞላል። ከቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች መካከል ቱርቦ የሌለው ባለ3 ሊትር «ፋይቭ ኤል» ሞተር ከ100 የማይበልጥ የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነው ባለቱርቦ «ዲ ፎር ዲ» ወደ 160 ይደርሳል። ከቆላ ወደ ደጋ ለሚመላለስ ቤተሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ጉልበቱ ዕዳ አለው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚያለሰልሰውም የሞተሩ ዘይት ነው። ናፍጣው ወደ ሞተሩ የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት ነው፤ የጎማ ግፊት ግን ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ በወቅቱ ያልተቀየረለት፣ ወይም ውኃና አቧራ የገባበት የበርሜል ናፍጣ ሲቀዳለት የኖረ ሞተር ከተራው የናፍጣ ሞተር ፈጥኖ ይጎዳል፤ ጥገናውም ይበልጥ ውድ ነው። ገዢው ከጉልበቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው መኪናው እንዴት ተይዞ እንደኖረ ነው።

አስቀድሞ ሰነዱ

ሞተሩን ከማየት በፊት ሰነዱን ማየት ይገባል። ዋናው ሊብሬ ቀርቦ፣ በላዩ የሰፈረው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ዙሪያው አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግዢውን እዚያው ማቆም ይበጃል።

ሻጩ የሊብሬው ባለቤት ካልሆኑ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑ ውክልናውን ባረጋገጠው ጽሕፈት ቤት ይጣራል። መኪናው ለባንክ ብድር በመያዣነት መያዙን፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑን መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ፣ ሊከፈል የሚገባው ቀረጥ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አይተላለፍም። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑና መኪናው የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር አጋራቸው ስምምነትም አስፈላጊ ነው። የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑም ይታያል።

ሞተሩ ሳይሞቅ

ለምርመራ የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድመው እንዳያስነሡ መስማማት ይገባል፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድለት ይደብቃልና። ገዢው ሲደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ይዳስስ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል። በጋለ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ ከባድ ቃጠሎ ስለሚያስከትል ፈጽሞ አይሞከርም። በውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም በዘይት መለኪያው ዘንግና በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ማኪያቶ የሚመስል ነገር ከታየ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያው ይውጣ፤ ከማጣሪያው ወደ ቱርቦው በሚወስደው ቱቦ ውስጥ አቧራ ካለ ሞተሩ አፈር ሲስብ ኖሯል።

ቀጥሎ ሞተሩ ይነሣና ጭሱ ይታያል። በብርዳማ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ነጭ ጭስ ቢታይ አያስደነግጥም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ነጭ ጭስ ግን ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ወይም ናፍጣው በአግባቡ አለመቃጠሉን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ምንጩ ያረጀ ቱርቦ ወይም የተበላ ፒስተን ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ሲበዛ የአየር እጥረትን ወይም የኢንጀክተር ችግርን ይጠቁማል።

የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ መጠየቅም አይዘነጋ። ባለ3 ሊትሩ ዲ ፎር ዲ በቺንጋ የሚሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ባለ2.8 ሊትር ሞተር ግን ሰንሰለት አለው። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩን ያበላሹታል።

ከሥር ምን አለ?

አንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ተሳፋሪውን ጨምሮ የሚሸከመው 10 ኩንታል ገደማ ነው። በምርት ወቅት ከዚህ በላይ ሲጭን የኖረ መኪና ምልክቱን ከሥሩ ይዞ ይገኛል። የባሌስትራው ቅጠሎች መሰንጠቃቸውን፣ ተጨማሪ ቅጠል መግባቱን፣ ባሌስትራው ከሻንሲው በሚያያዝበት ቦታ ብየዳ መኖሩን በባትሪ መብራት ማየት ይገባል።

የጭነት ሳጥኑም ይፈተሽ። ማዳበሪያ እርጥበት የሚስብ ጨው በመሆኑ ከፈሰሰበት ብረት ላይ ካልታጠበ ያዝገዋል፤ የከብት ሽንትም እንዲሁ ነው። ምንጣፍ ወይም ላስቲክ ካለ ተነሥቶ ሥሩ ይታይ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ በቀላሉ ወደኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ10 ዓመት 200,000 ይሞላል። ቆጣሪው 90,000 እያሳየ የፍሬን መርገጫው ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከተላጠና የሾፌሩ ወንበር ከጎበጠ ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጎማው ላይ የታተሙት አራት አኃዞችም ዕድሜውን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

በዳገትና በቁልቁለት

ከተማ ውስጥ ዞሮ መመለስ ሙከራ አይባልም። መኪናው ሊሠራበት በታሰበው ዓይነት መንገድ፣ ሰው አሳፍሮ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መነዳት አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፈው የዓባይ ሸለቆ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው፣ ፍሬንና ራዲያተር ለምን መፈተን እንዳለባቸው አይጠፋውም።

በዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከመካከል ከፍ ካለ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ችግር አለበት። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ ሸራውና ዲስኩ ይፈተሹ። የአራቱም ጎማ ማርሽ በአፈር መንገድ ላይ ገብቶ መሥራቱ ይረጋገጥ፤ በደረቅ አስፋልት ላይ መሞከር ግን ካምቢዮውን ሊጎዳ ይችላል።

ከውሉ በፊት

ምርመራውን የሚያካሂደው መካኒክ ከሻጩም ከደላላውም ጋር ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት። የሚከፈለው የአንድ ቀን አበል ቴስታታ ከማስወረድ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ከግዢው ዋጋ ውጭ ለዘይት፣ ለማጣሪያዎች፣ ለቺንጋና ለጎማ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ መለየት አለበት፤ ጥሪቱን በሙሉ ለመግዣ ያዋለ ቤተሰብ የመጀመሪያው ብልሽት ሲመጣ መኪናውን ለማቆም ይገደዳልና።

ውሉ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈረም፤ ክፍያውም በባንክ ይፈጸም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ስለተደበቀ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ቢደነግግም፣ ገዢው በቀላል ምርመራ ሊያየው ይችል የነበረውን ጉድለት ይዞ ቢከራከር ተሰሚነቱ ያነሰ ነው።

አጎቴ ሁለተኛውን መኪና የገዙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ሦስት ፒክአፕ አይተው ሁለቱን ትተዋል። ሻጩን የቀጠሩት ከማለዳው 12 ሰዓት ነበር፤ መካኒኩም አብሯቸው ነበር።